በሜልበርን ትምህርት ቤት ቻፕሊን ሆኜ የተማርኩት

በምዕራብ ሜልበርን፣ ከፉትስክሬይ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ቻፕሊን፣ ማለትም ተማሪዎችን የሚያዳምጥና የሚደግፍ የሃይማኖት ሰው፣ ሆኜ አገለግላለሁ። ሥራዬ ስብከት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መመሪያው ግን ተማሪን ወደ ራስ እምነት መሳብን ይከለክላል። አንዲት እናት በር ላይ አስቁመውኝ፣ «ዲያቆን፣ ልጄ እንዲጾም ምከርልኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ይምጡ፤ እዚህ ግን አልችልም» አልኳቸው። ቅር አላቸው።

የአውስትራሊያ መንግሥት ለትምህርት ቤት ቻፕሊኖች ገንዘብ የሚሰጥበት መርሐ ግብር ጆን ሃዋርድ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሲያከራክር ኖሯል። ሮን ዊሊያምስ የተባለ በኩዊንስላንድ ክልል የሚኖር የተማሪዎች አባት በ2012 እና በ2014 በአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥትን ረትቷል። የረታውም በሃይማኖት ነጻነት ጥያቄ ሳይሆን በገንዘቡ አከፋፈል ነው። ዛሬ ገንዘቡ በክልሎች በኩል ይመጣል። ከ2023 ጀምሮም ትምህርት ቤት ቻፕሊን ካልፈለገ ከሃይማኖት ጋር የማይገናኝ ባለሙያ መቅጠር ይችላል። መልካም አደረጉ፤ ተፈልጌ ብገባ ይሻለኛል።

ሲጀመር ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያለው ክፍል ተሰጠኝ። የሚመጣ ልጅ አልነበረም፤ ቢሮ መጠራት ለተማሪ የጥፋት ምልክት ነውና። ስለዚህ ከትምህርት በፊት ቁርስ ወደሚታደልበት አዳራሽ ሄጄ ዳቦ መጥበስ ያዝኩ። ጎኔ ቆሞ ቅቤ የሚቀባ ልጅ ሳይጠየቅ ያወራል፤ በተለይ የእኛ ልጆች፣ የትልቅ ሰው ዓይን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ተብለው ያደጉት። ስለ ኳስ ይጀምራሉ፣ ስለ ሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አባት ይቀጥላሉ።

ከሁሉ የከበደኝ የምስጢር ጉዳይ ነው። ያደግኩት ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር ከእርሳቸው አይወጣም በሚል ሥርዓት ነው። በቪክቶሪያ ክልል ሕግ ግን ከ2020 ወዲህ የሃይማኖት አገልጋይም ቢሆን ልጅ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶበታል ብሎ ካመነ ማሳወቅ አለበት፤ ጉዳዩን በኑዛዜ የሰማ እንኳ አይቀርለትም። ስለዚህ አንድ ልጅ «ለማንም አትንገር» ብሎ ሲጀምር አቋርጠዋለሁ፦ «የሚጎዳህ ሰው ካለ ብቻዬን አልይዘውም። ለማን እንደምናገር ግን አስቀድሜ አሳውቅሃለሁ።» አንዳንዱ ዝም ብሎ ይሄዳል። ይህ ያስጨንቀኛል፤ የማልጠብቀውን ቃል መስጠት ግን ከዚያ የባሰ ነው። ደግሞም ከሄዱት ውስጥ ተመልሰው የመጡ አሉ፣ የሚነግሩኝን ነገር መዝነው።

ለአዲስ ባልደረቦች አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ በወላጅ ስብሰባ ላይ ልጁ ለእናቱ አያስተርጉም፣ እናንተም አታስተርጉሙ። የራሱን ጥፋት ለእናቱ የሚተረጉም ልጅ የትኛውን ቃል እንደሚዘል መገመት አያዳግትም። እኔም አማርኛ ስለምችል ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። አስተርጓሚ በስልክ እንዲጠራ አደርግና ከእናትየዋ አጠገብ እቀመጣለሁ።