የአንዳይ ግንብና የወንበሮቹ ፊደል

ፍራንክፈርት መኖር ከጀመርን አሥራ አራት ዓመት ሆኖናል፤ ሁለቱም ልጆቻችን የተወለዱት እዚያው ነው። ከጎረቤት አገሮች ሁሉ ደጋግመን የሄድንባት ፈረንሳይ ናት። ስትራስቡርግ ጠዋት ሄደን ማታ የምንመለስባት ከተማ ናት፤ ፓሪስንም ዘመድ ለመጠየቅ ብለን ሦስት ጊዜ አይተናታል። ባለፈው ጥቅምት፣ በልጆቹ የመጸው ዕረፍት፣ እስከ አገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ድረስ ለመጓዝ የወሰንነው ግን በአንድ ምክንያት ነበር። በስፔን ድንበር ላይ ባለችው አንዳይ በምትባል ከተማ፣ ከባሕር በላይ በተሠራ ግንብ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍ እንዳለ ሰምተን ነበር።

ትልቋ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ፊደል ትማራለች። ከጉዞው ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ «ከዚህ አዳራሽ ውጪ ማንም የማያነበውን ነገር የምማረው ለምንድን ነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የሰጠኋት መልስ እርሷን ቀርቶ እኔንም አላረካኝም።

ከፍራንክፈርት ፓሪስ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ያህል ነው። ከምሥራቅ ጣቢያ ወርደን፣ በአራተኛው የሜትሮ መስመር ሳንቀይር ሞንፓርናስ ደረስን፤ ከዚያም ወደ አምስት ሰዓት የሚጠጋ ሁለተኛ ጉዞ ጀመርን። እስከ ቦርዶ ባቡሩ ይበርራል፤ ከቦርዶ በኋላ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ በጥድ ደን መካከል አልፎ፣ በባዮንና በቢያሪትዝ በኩል ወደ ባስኮች አገር ይገባል። እዚያ የጣቢያ ስሞች በፈረንሳይኛና በባስክ ቋንቋ ተጽፈዋል። የባስክ ቋንቋ ከዓለም ቋንቋዎች ከአንዱም ጋር የተረጋገጠ ዝምድና እንደሌለው ስነግረው፣ የስምንት ዓመቱ ልጄ «ታዲያ ብቻውን ነው ማለት ነው» አለና በመስኮቱ እያንዳንዱን ሰሌዳ ጮክ ብሎ ለማንበብ ይሞክር ጀመር።

የግንቡን ባለቤት ታሪክ ለልጆቹ የነገርኳቸው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። አንቷን ዳባዲ በ1810 እ.ኤ.አ. ደብሊን ከአየርላንዳዊት እናትና ከባስክ አባት ተወለደ። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ገብቶ፣ እስከ 1848 መጨረሻ ድረስ አልፎ አልፎ ከመውጣቱ በቀር በአገራችን ቆየ፤ ጎንደርንና ጎጃምን አይቶ እናርያና ከፋ ድረስ ዘለቀ። ተራሮቻችንን ለካ፣ ካርታ አነሳ፣ ቋንቋዎቻችንን አጠና፤ በ1881ም የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከሁለት መቶ የሚበልጡ የብራና መጻሕፍትም ሰብስቦ ወስዷል፤ ዛሬ ያሉት ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በዚህ ነገር ልቤ ሁልጊዜ ሁለት ነው። በጥንቃቄ መጠበቃቸውና በካታሎግ መመዝገባቸው ደስ ይለኛል፤ የጎንደር የቅኔ ተማሪ እነርሱን ለማየት ቪዛ የሚያስፈልገው መሆኑ ደግሞ ያሳዝነኛል። ይህንንም ለልጆቼ ሳልሸሽግ ነገርኳቸው።

ግንቡ የተሠራው ከ1864 እስከ 1879 ነው። ንድፉ የፓሪስን ኖትርዳም ያደሰው የቪዮሌ ለ ዱክ ሲሆን፣ ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ኤድሞን ዱቷ በሥራው ብዙ ድርሻ አለው። ከባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ላይ ስንወጣ መጀመሪያ ያየነው ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸውን ማማዎች ነበር፤ ባለቤቴ የጎንደር ልጅ ናትና ቆም ብላ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው። በሩን ሁለት የድንጋይ አዞዎች ይጠብቃሉ። ከበሩ በላይ በአየርላንድ ቋንቋ «መቶ ሺህ ጊዜ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ተቀርጿል፤ የእናቱ ቋንቋ መሆኑ ነው።

ውስጡ ያላሰብነው ሆኖ ጠበቀን። በመግቢያው ግድግዳዎች ላይ የአገራችንን ኑሮ የሚያሳዩ ትልልቅ ሥዕሎች አሉ፤ ሸማ የለበሱ ሰዎች አትላንቲክ ዳር ቆመው ይመለከቱናል። ደረጃው ሥር ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጣ አብዱላህ የተባለ ወጣት ሐውልት መብራት ይዞ ቆሟል። አስጎብኚያችን ስለ እርሱ በፍቅር ብትናገርም፣ እኔ ከዚያ ሐውልት ፊት ለመራቅ ተቸገርኩ። የቤቱ ጌታ በመጽሐፉ፣ በካርታውና በግንቡ ይታወሳል፤ ይህ ወጣት ግን የሚታወሰው ለሌሎች መብራት ይዞ ነው። ልጄም ዝም ብላ እጄን ያዘችኝ።

የመመገቢያው ክፍል ግድግዳ በጎሽ ቆዳ የተለበጠ ነው። ከገመዱ ወዲህ ቆመን ሳለ አስጎብኚዋ፣ በየወንበሮቹ መደገፊያ ላይ አንዳንድ የኢትዮጵያ ፊደል እንዳለና ሁሉም ሲገጣጠሙ «በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ አይኑር» የሚል ትርጉም ያለው ጸሎት እንደሚሆኑ ነገረችን። አስተርጉሜ ሳልጨርስ ልጄ በገመዱ ላይ ተንጠልጥላ፣ ወደ እኛ የዞሩትን ወንበሮች አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። አስጎብኚዋ ገለጻዋን አቆመች፤ ሌሎቹ ጎብኚዎችም ዞር አሉ። «ታነቢያለሽ እንዴ?» ብላ በፈረንሳይኛ ጠየቀቻት። ልጄ ጥያቄውን ሳልተረጉምላት ገባት፤ ራሷን ነቀነቀችና ማንበቧን ቀጠለች። አንዳንዶቹ ወንበሮች ጀርባቸው ተደብቆ ስለነበር ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አልቻለችም።

ቤተ መጻሕፍቱን፣ ጸሎት ቤቱንና ባልና ሚስቱ የተቀበሩበትን ስፍራ አየን። ትንሹ ልጄ የወደደው ግን የከዋክብት ጥናቱን ክፍል ነው። ዳባዲ ከቤቱ ሳይወጣ ላ ሩን የተባለውን 905 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ በመነጽር ለማየትና የብርሃንን መታጠፍ ለመለካት ብሎ ግድግዳዎቹን በመስመር አስበስቷቸው ነበር። ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር ቀዳዳው ላይ በባስክ ቋንቋ «አላየሁም፣ አልተማርኩም» አስብሎ አስጻፈ። አለመሳካቱን በአባቱ ቋንቋ በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚያስቀርጽ ሊቅ አከብራለሁ። ግንቡን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አውርሶ በ1897 ሞተ።

በማግስቱ ኤስፕሌት የምትባል መንደር ሄድን። ወሩ የበርበሬ ስለሆነ የነጫጭ ቤቶች ፊት በሙሉ በክር በተሰካ ቀይ በርበሬ ተሸፍኖ ነበር። ባለቤቴ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚሰጣውን የእናቷን በርበሬ አስታውሳ ሁለት ዘለላ ገዛች፤ አንዱን እዚያው ቀምሳ «መዓዛው ሸጋ ነው፣ ግን ለልጆች ነው» ብላ ፈረደች። ቀሪውን ጊዜ በአንዳይ ረጅም አሸዋ ላይ አሳለፍን፤ በጀልባም የቢዳሶዋን ወንዝ ተሻግረን ስፔን ምሳ በላን።

በመልሱ ባቡር ልጄ ደብተሯን አውጥታ ያየቻቸውን ፊደላት ጻፈች፤ ላላየቻቸው ወንበሮች ባዶ ቦታ ተወች።

«አባዬ፣ እዚያ የተባለው ክፉ ሰው በአማርኛ ምን ይባላል?»

«ከሃዲ» አልኳት።

«ከዳተኛም ይባላል» አለች እናቷ ከፊት ወንበር።

«ከሃዲ ሦስት ፊደል ነው፤ ከዳተኛ አራት» አለችና ባዶዎቹን እንደገና መቁጠር ጀመረች። ቦርዶ እስክንደርስ ደብተሩን አልዘጋችም።