13 ወር የመሰለኝ 33 ቀን

የምኖረው ስኮትላንድ ነው። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው። እንግዶቹ ከተኙ በኋላ የወንጀል ልቦለድ ሳነብ አነጋለሁ። እያነበብኩ ከረምኩና «እኔስ ለምን አልጽፍም?» አልኩ። በአማርኛ፣ ግን እዚሁ አገር፣ በድሮው ዘመን። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከሁለቱ አንዱ በከንቱ ነው የሄደው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ምናለ!

ታሪኩን ያገኘሁት ፐርዝ ከተማ ነው። የስኮትላንድ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በፈረንጆቹ 1437 የተገደለው እዚያ ነው፤ ከከተማው ቅጥር ወጣ ብሎ በነበረ የዶሚኒካን ገዳም። ዛሬ ገዳሙ የለም። በዘመኑ የተጻፈው ትረካ ግን አለ፣ እንቅልፍ ይነሳል። ንጉሡ ሊተኛ ሲል ሰር ሮበርት ግራሃምና ሰዎቹ ይመጣሉ። ንጉሡ ወለሉን ፈንቅሎ ከሥር ወዳለው የፍሳሽ ቦይ ይወርዳል። ቦዩ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ነበረው። ከሦስት ቀን በፊት ግን ንጉሡ ራሱ አስደፍኖታል። ቴኒስ ሲጫወት ኳሱ እየገባ አስቸግሮት ነው። እዚያው ገደሉት።

እኔን የያዘኝ ንጉሡ አይደለም። ያንን ቀዳዳ የደፈነው ግንበኛ ማን ነበር? በእኔ ልቦለድ ግንበኛው ከግድያው ማግስት ቴይ ወንዝ ዳር ሬሳው ይገኛል። ነገሩን የምትከታተለው አንዲት ጓንት ሰፊ ባልቴት ናት።

ሌላው ሥራ ቀላል ነበር። ከልቦለዱ ድንች አወጣሁ፣ ያኔ ገና አገሩ አልገባም ነበር። ኪልትም፣ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ቀሚስ፣ አወጣሁ። መርማሪ ፖሊስ የሚባል ነገር እንደሌለ ገባኝ። ገዳይ የሟችን ዘመዶች ክሶ የሚታረቅበት ሕግ ግን ነበራቸው። ፈረንጅ አንባቢ እዚህ ጋ ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ ሽማግሌ ልኮ ደም ማድረቅን እያየን ነው ያደግነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

የጽሑፍ ሥልጠና ወስጄ ነበር፣ ከፍዬ። አሠልጣኙ በየሳምንቱ የሚደጋግማት ነገር ነበረችው፦ «የዛሬ መጽሐፍ አትመኑ፤ ወደ ጥንቱ ሰነድ ሂዱ።» ሄድኩ። ያገኘሁት የድሮ ዜና መዋዕል ኅትመት ንጉሡ የሞተው ፌብሩዋሪ 1436 ነው ይላል። የስድስት ዓመቱ ልጁ ዳግማዊ ጄምስ ሆሊሩድ ላይ የነገሠው ደግሞ ማርች 25፣ 1437። ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት ወር! የዛሬዎቹ መጻሕፍት ግድያውን 1437 ይሉታል፤ እነሱ ናቸው የተሳሳቱት ብዬ ደመደምኩ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የመረጃ ጠረጴዛውን ጠየቅኩ። ሠራተኛዋ ኮፒዬን በጨረፍታ አይታ «ጥንታዊው ይሻላል» አለችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እስከ ዛሬ ትዝ ባለችኝ ቁጥር እናደዳለሁ። በራሴ ደግሞ የበለጠ።

ለምን ብትሉ፣ ልቦለዱን በሙሉ የገነባሁት በዚያ አሥራ ሦስት ወር ላይ ነው። ንጉሥ የሌለበት አገር፣ አንዱ አንዱን የሚጠረጥርበት ከተማ። የግንበኛው ሚስት ባሏ በሞተበት ሰሞን ታረግዛለች፣ ትወልዳለች፣ ልጁ ይጠመቃል። ገዳዩ የሚጋለጠው የክርስትና አባት ካልሆንኩ ብሎ ሲለምን ነው። በዚህች ሐሳብ ምን ያህል እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። አንድ እሑድ ሻይ ጠጡ ብዬ ጠርቼ ታሪኩን ተረኩላቸው። ጥምቀቱ ጋ ስደርስ ኩባያቸውን አስቀመጡ።

«ልጁ የነገሠው እኮ አባቱ በሞተ በወሩ ነው» አሉኝ።

ተከራከርኳቸው! ኮፒዬን አምጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁ። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ፈገግ አሉ። ያኔ ስኮትላንድ ውስጥ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነው። ጃንዋሪ 1 የሆነው በ1600 ነው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ የአሮጌው ዓመት ማለቂያ ነው፤ ሰነዱም 1436 ያለው ለዚህ ነው። ልጁ ዘውድ የጫነው በዘመን መለወጫው ዕለት ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። 33 ቀን። እንኳን ልጇ ሊጠመቅ፣ ሴትዮዋ ማርገዟንም ገና አታውቅም።

140 ገጽ ጣልኩ። ሁለት ሳምንት ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም።

እና ምክሬ ይኸው። ጥንታዊ ሰነድና የዛሬ መጽሐፍ በዓመት ከተለያዩ፣ ቀድማችሁ የምትጠረጥሩት ሰነዱን ያነበበውን ሰው ነው፣ ማለትም ራሳችሁን። አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት የታሪካችሁን ቀን አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አሠልጣኙ «ይኼ ፈጠራን ይገድላል» ይል ነበር። የእኔን ያተረፈልኝ ግን ወረቀቱ ነው። ቀኖቹን አንድ በአንድ ስሞላ፣ ግድያው የሆነው ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ እንደሆነ አየሁ። እኔ ደግሞ የገዳሙን ሰዎች ያን ማታ ጥብስ አብልቻቸው ነበር! በያኔው አቆጣጠር ፋሲካችን ከነሱ ጋር አንድ ቀን ይውል ስለነበር፣ በዘርዓ ያዕቆብ አገርም ያን ሌሊት ጾም ነው። ጥብሱን በዓሣ ቀየርኩት። አሁን ገዳዩ የሚያዘው በጾም ሥጋ ሲበላ ነው። ከጥምቀቱ የተሻለ ባይሆንም 33 ቀን ውስጥ ይገባል።

ይኼን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ዓመታቸው የሚለወጠው መልአኩ ማርያምን ባበሠረበት ቀን ነበር አልኳት።

«መጋቢት 29 ነዋ! ጽንሰት!» አለችኝ። «ይቺን ለማወቅ ነው ሁለት ዓመት የፈጀብህ? እኔን አትጠይቀኝም ነበር?»