መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር

ሳሎኔ ውስጥ የቤት ሲኒማ ስሰራ ስፒከር መስቀሉና ፕሮጀክተሩን ማስተካከሉ በሁለት ቅዳሜ አለቀ። ሪሲቨሩን፣ ማለትም ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ዕቃ፣ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት። አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሆም አሲስታንት የሚባለውን የቤት ዕቃዎችን የሚያዝ ፕሮግራም ጫንኩ። ስልኬን አንዴ ስነካ የሳሎኑ አምፖል ይደበዝዛል፣ ሪሲቨሩም ፕሮጀክተሩም ይነሳሉ። በጣም ኮርቼ ነበር።

ከዚያ መብራት ሄደ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ይሄዳል። ሲመጣ ሪሲቨሩ በሪሞት ይሰራል፣ ከስልኬ ግን አልሰማም አለ። ዕቃውን የሸጠልኝ ባለሙያ ጋ ደወልኩ። «ሪሴት አድርገው» አለኝ። አደረግኩት። የድምፅ ልኬቱ በሙሉ ጠፋ። ሶፋው ላይ ማይክሮፎን አቁሜ እንደገና ለካሁ። ሪሲቨሩን ሆም አሲስታንት ውስጥ እንደ አዲስ ሳስገባው ሰራ። በሳምንቱ መብራት ሄደ፣ ያው ሆነ። መልሱም ያው፣ «ሪሴት»። ሶስት ጊዜ ለካሁ! ሰውዬው አንዴ እንኳ «አይፒ አድራሻው ስንት ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ አይፒ አድራሻ ማለት አንድ ዕቃ በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ የሚገኝበት ቁጥር ነው። እኔም ራውተሩን ከፍቼ ለማየት አንድ ወር መፍጀቴ ይቆጨኛል።

ስከፍተው ነገሩ ግልጽ ነበር። ሆም አሲስታንት ትዕዛዝ የሚልከው ወደ 192.168.1.5 ነው። ያ አድራሻ አሁን የባለቤቴ ስልክ ሆኗል፤ ሪሲቨሩ 192.168.1.9 ላይ ተቀምጧል። አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ነው። የኔው ራውተር መብራት ሲሄድ የትኛው ዕቃ የትኛውን አድራሻ እንደያዘ ይረሳል፤ ሲመጣ ለቀደመ ይሰጣል።

ብዙ ሰው አድራሻውን ሪሲቨሩ ላይ በእጅ ጻፍ ይላል። አልስማማም፤ አንድ ሪሴት ያጠፋዋል። ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻ፣ ማለትም ከፋብሪካ በሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ አስይዙት። ግን ተጠንቀቁ፣ የገመዱና የዋይፋዩ ማክ አድራሻ ይለያያል። እኔ የዋይፋዩን አስይዤ ሌላ ሳምንት ባከነብኝ።

መመሪያው ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሪሲቨሩ ሲጠፋ ኔትወርኩም ይጥፋ ይላል። እኔ ሁሌም ክፍት አድርጌዋለሁ፤ ካልሆነ «ብራ» የሚለውን ትዕዛዝ የሚሰማ የለም። የኔ ሪሲቨር የሚታዘዘው ቴልኔት በሚባል የቆየ የኔትወርክ ማዘዣ መንገድ፣ በፖርት (በመግቢያ በር ቁጥር) 23 ነው። ቴልኔት ምስጢር አይጠብቅም፤ ይህን ፖርት በምንም ምክንያት ወደ ኢንተርኔት አትክፈቱት።

ለራውተሩም ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ፣ ገዛሁ። ከስፒከሩ በፊት መግዛት የነበረብኝ እሱን ነበር። ባለፈው እሁድ መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። ሪሲቨሩ ባስያዝኩለት 192.168.1.50 ላይ እንዳለ ነው።