የበራው አምፖልና የቀዘቀዘው እንሽላሊት

ጎንደር ውስጥ ያለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው በአህያ ኮቴ፣ በበግ ሳል፣ በላም ጡት በሽታና በውሻ ክትባት ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ባላባራበት ቀን፣ ከማራኪ ሰፈር በኩል የመጡ እናትና የ12 ዓመት ልጃቸው አንድ የጫማ ካርቶን ይዘው ገቡ። በአሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ የተኛው እንሽላሊት ነበር። አገሩ አውስትራሊያ የሆነው፣ በብዙ አገር በቤት ውስጥ የሚረባው ጺማሙ እንሽላሊት፣ ቢርድድ ድራገን የሚባለው ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ከነመስታወት ሳጥኑ ለልጁ ትቶለት ሄዷል።

“ልጄ፣ እህል ከቀመሰ ሦስት ሳምንት አለፈው” አሉ እናትየው ለተረኛው ረዳት ባለሙያ። “ጎረቤቱ ሁሉ ክረምት ስለሆነ ተኝቶ ነው ይለናል።”

እውነት ነው፣ ይህ ዝርያ ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ለሳምንታት ደንዝዞ የሚተኛበት ወቅት አለው። ጤነኛ ሆኖ የተኛ እንሽላሊት ግን ክብደቱ እምብዛም አይቀንስም። ከክብደቱ አሥር በመቶ ያህሉን ካጣ ነገሩ እንቅልፍ አይደለም። ይህኛው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚህ ቁመት ያለ አዋቂ ከ350 እስከ 500 ግራም መመዘን ሲገባው ሚዛኑ ያነበበው 212 ነው። የዳሌው አጥንት በቆዳው ሥር ይቆጠራል። የጅራቱ ሥር ጎድጉዷል፤ ከዓይኖቹ በስተኋላ ጭንቅላቱ ላይ ያሉት የስብ ጉብታዎች ሰርጉደዋል። የጎኑ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም፤ አፉ ሲከፈት ምራቁ እንደ ሙጫ ይሳባል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የውኃ እጦት ምልክቶች ናቸው።

የክሊኒኩ ቅጽ ስለ አያያዝ የሚጠይቀው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ “የሙቀት መብራት አለው?” ልጁ ስልኩን አውጥቶ የሳጥኑን ፎቶ አሳየ። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ረዳቱ “አለው” የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከርኅራኄ የመጣ ነው። የተራበ ነገር ሲታይ እጅ የሚሄደው ወደ ምግብ ነው። የእንቁላል አስኳል በማርና በውኃ ተበጥብጦ፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ 6 ሚሊ ሊትር በአንድ ጊዜ ተሰጠው። እንሽላሊቱ ዋጠ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑ ውስጥ የተገኘው የኮመጠጠ፣ ምንም ያልተፈጨ አስኳል ነው፤ አፍንጫው ላይም ደርቆ ነበር። ወደ ሳንባው ገብቶ ቢሆን የትንፋሹ ድምፅ ይቀየር፣ አፉንም ከፍቶ ይተነፍስ ነበር። ተደጋግሞ ታየ፤ ደግነቱ ሳንባው አልተነካም።

በዚያች አንዲት መጠጥ ውስጥ ሦስት ስህተቶች ነበሩ። መጠኑ አንዱ ነው፦ ለከሳ እንሽላሊት በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከክብደቱ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው፤ ለ212 ግራም ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አስኳሉ ራሱ ሌላው ነው፦ ፎስፈረሱ የካልሲየሙን ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ እንሽላሊት የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን፣ ሁለት እጅ ካልሲየም ለአንድ እጅ ፎስፈረስ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ሰውነቱ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። እንሽላሊት እንደ በግ የራሱን ሙቀት አያመነጭም። ሆዱ የሚፈጨው ከውጭ ባገኘው ሙቀት ነው፤ በቀዘቀዘ ሆድ ውስጥ የገባ ምግብ ይበሰብሳል እንጂ አይፈጭም። እንስሳው ይህን ስለሚያውቅ ይመስል መጀመሪያ የሚያቆመው መብላትን ነው።

ዶክተሯ ጠዋት ስትገባ ስለ ምግብ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

“እናቴ፣ አምፖሉ በርቶ እጅዎን ከሥሩ ቢያደርጉ ይሞቅዎታል?”

“ኧረ ምኑ ይሞቃል! ብርሃኑ ግን ከድሮው ይበልጣል። የድሮው ሐምሌ ላይ ሲቃጠልብን ነው ይኸን ያስገባነው፤ መብራትም አይፈጅም ብለውን።”

የድሮው ባለ ክር አምፖል ነበር፤ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይቀይራል። አዲሱ ኤልኢዲ ነው፤ ብርሃኑን እንጂ ሙቀቱን ወደ ታች አይሰድም። ሳጥኑ ከቤት እንዲመጣ ተደርጎ አምፖሉ ሲበራ፣ እንሽላሊቱ የሚሞቅበት ድንጋይ 22 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ዝርያ የመሞቂያው ቦታ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ፣ የሳጥኑ ቀዝቃዛ ጫፍ ከ24 እስከ 28 መሆን አለበት። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በክረምት ሌሊቷ ከ15 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ምግብ የቆመበት ጊዜና አምፖሉ የተቀየረበት ጊዜ ሲገጣጠም ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ይነገር። ክሊኒኩ የተጠቀመው ከኮሮና ጊዜ የቀረውን፣ ግንባር ላይ የሚደቀነውን ቴርሞሜትር ነው። ይህ መሣሪያ ለሰው በተዘጋጀው አሠራሩ ላይ እያለ ድንጋይ ቢለኩበት የሚያሳየው ቁጥር የተስተካከለ የሰውነት ሙቀት ስለሆነ ያሳስታል። ብዙዎቹ የዕቃ ገጽ የሚለኩበት ሁለተኛ አሠራር አላቸው፤ መጀመሪያ ወደዚያ መቀየር ነው።

ከቅዳሜ ገበያ የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል ከቆርቆሮ ጥላው ጋር ተገዛ። አምፖል መያዣው የሸክላ እንዲሆን ተደረገ፣ ፕላስቲኩ በዚህ ሙቀት ይቀልጣልና። ከድንጋዩ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲሰቀል 31 ዲግሪ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲወርድ 39 አነበበ። እዚያው ቆመ፤ ከዚያ ማቅረብ ቆዳውን ያቃጥላል፣ እንሽላሊት ደግሞ እየተቃጠለም ቶሎ አይሸሽም። አምፖሉ ላይ ሊንጠላጠል እንዳይችል በሽቦ ወንፊት ተከለለ። እንስሳውን ግን ከ22 ዲግሪ አንሥቶ ወዲያው 39 ላይ ማስቀመጥ አልተፈለገም፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አምፖሉን ደረጃ በደረጃ እያወረዱ አደረሱት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምግብ የሚባል ነገር አልነበረም። ይህ ለቤተሰቡም ለሠራተኛውም ከበደ፤ አጥንቱ የወጣ እንስሳ ፊት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ግን ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፦ ሙቀት፣ ከዚያ ውኃ፣ ምግብ መጨረሻ። ጠዋትና ቀትር ላይ፣ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ተቀመጠ። ውኃው ከትከሻው አያልፍም፤ ደካማ እንሽላሊት ራሱን መደገፍ አቅቶት ሊሰምጥ ስለሚችል ሰው ከአጠገቡ አይነሣም። እንደዚህ ሲነከር ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ይጠጣል። በተጨማሪ ለብ ያለ ኖርማል ሳላይን የተባለው የጨው ውኃ በቀን 3 ሚሊ ሊትር ከቆዳው ሥር ተሰጠው፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

በሦስተኛው ቀን ሚዛኑ 219 አነበበ። ልጁ ጮኸ። ዶክተሯ “ይኸ ውኃ ነው የኔ ልጅ፣ ሥጋ ገና ነው” አለችው። ልክ ናት፤ በ7ኛው ቀን 217 ሆኖ ሲወርድ ማንም እንዳይደነግጥ ቀድሞ መናገሩ ጠቀመ። የሚመዘነው ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከምግብ በፊት፣ በአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ነው፤ የተጸዳዳበትና ያልተጸዳዳበት ቀን በብዙ ግራም ስለሚለያይ እሱም ይጻፋል።

በአራተኛው ቀን ምግብ ተጀመረ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ላይ ድንገት ብዙ ምግብ፣ በተለይ ስኳርነት ያለው፣ ሲወርድበት በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ፖታሲየም ወደ ሕዋሳቱ ስለሚሸሽ ልብ ሊቆም ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ማር ለዚህም አይመከርም ነበር። ይህን ያህል የሚመዝን እንሽላሊት ያለ እንቅስቃሴ በቀን ወደ 10 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ የሚጀመረው ከሩቡ ነው። አንድ እጅ የተፈጨ ፌንጣ፣ አንድ እጅ የተቀቀለ ዱባ፣ አንድ እጅ የተፈጨ የሐበሻ ጎመን በጥቂት ውኃ ቀጥኖ፣ 2 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ ሲሰጥ ወደ ሩቡ ይጠጋል። በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ሙሉው አደገ።

አፉን በግድ አይፈለቅቁም። ካልሲየም ያጣ መንጋጋ ለስላሳ ስለሚሆን ይሰበራል። ከፊቱ ከፍ ተደርጎ ተይዞ ከከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ማስቀመጥ ነው፤ ይልሳል፣ ሲልስ ከአፉ ጎን በኩል ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። የትንፋሽ ቀዳዳው ከምላሱ መነሻ ላይ ስለሆነ መሐል ለመሐል መግፋት ምግቡን ወደ ሳንባ ይልካል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፦ ጠዋት አምፖሉ ከበራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይበላል፣ ከበላም በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይሞቃል። ማታ አይበላም። መብራት ሲጠፋ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይጠፋል፣ ሙቅ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎኑ ይቀመጣል፤ የዚያን ቀን ምግብ ይዘለላል። ከሰል ግን በፍጹም አይገባም፤ የሚያወጣው ጋዝ ለእሱም ለቤተሰቡም መርዝ ነው።

ልጁ ቀድሞ ይመግበው የነበረው ቆስጣ ነው፣ በየቀኑ። ቆስጣ በገበያው ሞልቷል፣ ያማረም ነው፣ ነገር ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ ስለሚያስቀር ለእንሽላሊት የዘወትር ምግብ አይሆንም። የሐበሻ ጎመን፣ አልፋልፋ፣ የሽፈራው ቅጠል ይሻላሉ። አቮካዶ መርዝ ነው። አንድ የከበደ አደጋም አለ፦ ይህ ዝርያ ቁልቋል ይበላል ሲባል የሰሙ ሰዎች በጎንደር አጥር ላይ ያለውን ባለ ወተቱን ቁልቋል ይቆርጣሉ። የሚባለው ጠፍጣፋው፣ እሾኻሙ በለስ ነው። የባለ ወተቱ ፈሳሽ ዓይን ያጠፋል፣ አፍና ጉሮሮ ይልጣል።

ፌንጣውም እንዲሁ ከየትም አይለቀምም። ፀረ ተባይ ከተረጨ ማሳ የመጣ ፌንጣ እንሽላሊቱን ይገድላል። ልጁ በኋላ ላይ የዱቄት ትል በፉርሽካ ማርባት ጀመረ፤ ትሎቹ ከመሰጠታቸው ከአንድ ቀን በፊት ጎመንና ካሮት ይበላሉ፣ ከእንሽላሊቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ ነፍሳት አይሰጥም። ካልሲየሙ ከእንቁላል ቅርፊት ወጣ፦ አሥር ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ በስስ ጨርቅ ይነፋና ትሎቹ ላይ ይነሰነሳል።

ካልሲየም ደግሞ ያለ ፀሐይ አይሠራም። ሳጥኑ በመስኮት አጠገብ ነበር፣ ቤተሰቡም ፀሐይ ያገኛል ብሎ ያምን ነበር። መስታወት ግን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን የአልትራቫዮሌት ጨረር አያሳልፍም። ልዩ አምፖሉ በከተማው ስላልተገኘ፣ ዝናቡ ጋብ ባለባቸው ጠዋቶች ለ20 ደቂቃ በሽቦ ጎጆ ውስጥ ደጅ ይወጣ ጀመር። ግማሹ ጥላ መሆን አለበት፤ የደጋ ፀሐይ ብርቱ ናት። ከጭልፊትና ከድመትም ሰው ይጠብቀዋል።

በ9ኛው ቀን ቢጫ የዱባ አበባ ፊቱ ሲቀመጥ አንገቱን ቀና አድርጎ አየው፣ ዘለግ ብሎም ነከሰው። ከሲሪንጅ ውጭ የበላው የመጀመሪያው ያ ነው። በ14ኛው ቀን 226፣ በ30ኛው 251 ግራም ሆነ።

የሰገራው ምርመራ ቀደም ብሎ፣ በተነከረበት ውኃ ውስጥ ሲጸዳዳ ተሠርቶ የወስፋት መሰል ጥቃቅን ትሎች እንቁላል ታይቶ ነበር። መድኃኒቱ ያኔውኑ አልተሰጠም። ጥቂት ትል በጤነኛውም ውስጥ ይኖራል፣ ውኃ ያጣ ሰውነት ደግሞ መድኃኒት አይሸከምም። 251 ሲደርስ፣ ቁጥራቸውም በርክቶ ሲገኝ፣ ፌንቤንዳዞል በኪሎ 25 ሚሊ ግራም ታዘዘ፤ ለእሱ 6 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ የሚያስፈልገው 0.06 ሚሊ ሊትር ሆነ። ይህን በዓይን መለካት አይቻልም፤ አንድ እጅ መድኃኒት ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ተበጥብጦ 0.6 ሚሊ ሊትር ተሰጠ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ተደገመ።

እንስሳውን የሚይዝ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ሳህኑም ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይቀላቀልም፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ጀርም ይዞ ሊኖር ይችላል። እናትየው ይህን ሲሰሙ ለብቻው ሰማያዊ ሳህን ገዙለት።

በ60ኛው ቀን፣ ጥቅምት ላይ፣ 318 ግራም መዘነ። ስህተት የሠራው ረዳት ራሱ ነው የመዘነው። የክሊኒኩ ቅጽም ተቀይሯል፤ “የሙቀት መብራት አለው?” የሚለው ተሰርዞ በእሱ እጅ ጽሑፍ “የሚሞቅበት ቦታ ስንት ዲግሪ ነው? በምን ተለካ?” ይላል።