የይርጋጨፌ ቡና አታጥቁሩት

ዛሬ ኮዬ ፈጬ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ከሰል አቀጣጠልኩና የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና በብረት ምጣድ ቆላሁ። ፍሬው መንጣጣት ጀምሮ ቡናማ መልክ እንደያዘ ምጣዱን አወረድኩት። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቴ እማማ ግን አላስቻላቸውም፤ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ገና ጥሬ ነው!» አሉኝ። እርሳቸው ቡና የሚቆሉት ጠቁሮ ቅባቱ እስኪወጣ ድረስ ነው።

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። የይርጋጨፌ ቡና የአበባና የሎሚ ጠረን አለው፤ ሲጠቁር የሚቀረው ምሬቱ ብቻ ነው። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ፣ ጣዕሙም ከበድ ያለ ስለሆነ ጠንከር ያለ አቆላል ይችላል። ለይርጋጨፌ ግን እሳቱ ይብረድለት!

ወፍጮዬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነውና በሙቀጫ ወቀጥኩት። ውቅጡ አንዱ ደቃቅ፣ ሌላው ሸካራ ይሆናል፤ በወረቀት ማጥለያ ለሚያፈላ ሰው ይህ ያስቸግራል፣ ጀበና ግን አተላው እስኪሰክን ከታገሡት ምንም አይለው። ከፍታችንም ያግዛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር ውሃችን የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ለቡና የሚስማማውም ይኸው ሙቀት ነው።

እማማ አቦሉን ያለ ስኳር ጠጡት። ለቶናው ግን ስኳር ጠየቁ።

እሑድ ከዚሁ ቡና እርሳቸው በራሳቸው አቆላል፣ እኔም በራሴ እንቆላለን። የሊሙ ቡና ያላችሁ ጎረቤቶች ይዛችሁ ኑ፤ ጀበና እጨምራለሁ።