የመስሚያ መሣሪያው ለምን ያፏጫል?

ዛሬ ፒያሳ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ፣ አንድ አባት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን የመስሚያ መሣሪያ ከጆሯቸው ነቅለው ኮት ኪሳቸው ከተቱት። «ያፏጫል እንጂ አያሰማም!»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለችው የጎማ ቆብ ነው። ቆቧ ለጆሮው ካነሰች የጎላው ድምፅ በክፍተቱ ሾልኮ ተመልሶ ማይክራፎኑ ውስጥ ይገባል፤ ፉጨቱ እሱ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ቆብ ስለሚኖር ቀይሮ መሞከር ነው። ቀይ ምልክት ያለው ለቀኝ፣ ሰማያዊው ለግራ። ሲያስገቡ በሌላኛው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ይረዳል። አሁንም ካፏጨ ኩክ ይታይ (በክብሪት እንጨት መጎርጎር ግን የለም!)።

አንዳንዱ መሣሪያ የሚጠቀምበት ዚንክ-ኤር የሚባለው ትንሽ ባትሪ የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው። ባትሪው ላይ ያለችውን ተለጣፊ ልጦ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ በቻርጅ የሚሠራው ይሻላል።

አሜሪካ የመስሚያ መሣሪያ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ዕድሜያቸው 18 ለሞላ፣ ያውም ለቀላልና ለመካከለኛ የመስማት ችግር ብቻ። አንዱ ጆሮ ብቻ ከደከመ፣ በድንገት ከተዘጋ ወይም መግል ካለው ቀድሞ ሐኪም ነው።

አዛውንቶች «አረጀ እንዳይሉኝ» ብለው ነው የሚተዉት ይባላል። እኔ ግን ስልኩ ይብስ ይመስለኛል፤ መሣሪያው የሚስተካከልበት አፕ በእንግሊዝኛ፣ ፊደሉ ደቃቅ። የልጅ ልጅ አስተካክሎ ከመሄዱ በፊት ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ይሞክሩት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጸጥ ባለ ቤት፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ የታክሲ ረዳት ጩኸት በኋላ ይደረስበታል።