ጦሳ ላይ ጉም ውጦኝ ነበር

ይህን የምጽፈው ተስዬ ስለነበር ነው። «እመቤቴ፣ ከዚህ ካወጣሽኝ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ብያለሁ።

ደሴ ያደገ ሰው ጉም አያስደነግጠውም። ክረምት ላይ በር ስትከፍቱ የጎረቤት አጥር እንኳ አይታይም። ከኮምቦልቻ በኩል፣ ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጉሙን ለምጄዋለሁ፤ ተራራ ላይ ግን ሌላ ነው።

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጦሳን ልንወጣ በጠዋት ተነሣን። ሰማዩ ብራ ነበር። ባሕር ዛፉን አልፈን ከላይ ሆነን ከተማዋን ቁልቁል አየናት፤ ታምራለች። ስንመለስ ጫማዬን ላጠብቅ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ጓደኞቼ የሉም። ጉሙ በአንዴ ዘግቶብናል።

ተጣራሁ። ድምፄ ተመልሶ እኔው ጋ መጣ። ስልኬ ሞቷል። በደመ ነፍስ ቁልቁል ሄድኩ፤ ስህተቴ እሱ ነበር። የወሎ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ገሞራ ረግቶ የሠራቸው ናቸው። ያ ጥቁር ድንጋይ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ወደቅኩ። ቁርጭምጭሚቴ ዞረ።

ሰዓቱን አላውቅም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያኔ ነው ድምፄን ከፍ አድርጌ መዝሙር 90ን የጀመርኩት፦ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር፣ ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል።» ከዚያ በላይ ያለው ጠፋኝ። ያቺኑ አንዷን መስመር እያለቀስኩ ደጋገምኳት። ለግሸን ማርያም ጃንጥላ ተሳልኩ።

ስንት ጊዜ እንዳልኩት እንጃ፤ ከጉሙ ውስጥ «ማነው?» የሚል የልጅ ድምፅ ሰማሁ።

ጋቢ የተከናነበ እረኛ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።

«አብሽሪ እታለም፣ እንዳትነቃነቂ!» አለኝ። ዱላውን ዘረጋልኝና ያዝኩት። ወደ ላይ ጎተተኝ። ጥቂት እንደወጣን ጉሙ ለአፍታ ሳሳ፤ የተቀመጥኩበትን ዞሬ አየሁት። ከእግሬ ሥር ሁለት ክንድ እንኳ አይሞላም፣ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ጉልበቴ ከዳኝ።

«እንዴት እዚህ መጣህ የኔ አባት?» አልኩት።

«በጌ ጠፍታብኝ ነው። ጠፍታ አታውቅም ወላሂ። በዚህ በኩል ሰው መጥቶም አያውቅ። አላህ ነው የላከኝ።»

እኔ እመቤቴ ናት የላከችህ አላልኩትም። ያለቀስኩት ለቅሶ ይበቃ ነበር።

ቤታቸው ወሰደኝ። እናቱ እሳት ዳር አስቀምጠው እግሬን በቅቤ አሹልኝ፣ ቡና አፈሉ። ቡናው ሳይወርድ ዱዓ አደረጉልኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። ጓደኞቼ በየቤቱ እየጠየቁ መጥተው እዚያው አገኙኝ። በጓ ግን እኛ ስንወጣም አልተገኘችም ነበር፤ እሷ ነች ሆዴን ስትበላው ያደረችው።

በማግስቱ ጓደኞቼን ላክኋቸው። በጓ ማታ ራሷ በረቱ ደጅ መጥታ ቆማ ነበር አሉኝ። ስሰማ ተነሥቼ እልል አልኩ፤ እግሬ ማበጡንም ረሳሁት።

መስከረም 21 እያነከስኩ ግሸን ወጣሁ። ጃንጥላውን አስገባሁ። የእናትየውንም ስም ይዤ ነበር የሄድኩት።